ላስቲኩን አውጪና ዳዶ አስገቢ

ጥያቄው የመጣው ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ውድድር እንቁላል ተሸክማ የምትሄድ መኪና እየሠራሁ ነው። ደንቡ የሚፈቅደው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ክብደትን ኃይል ብቻ ነው። ክብደቱ ከ2 ኪሎ መብለጥ የለበትም፤ የኔ መኪናዋ ላይ በቆመ ቱቦ ውስጥ ነው የሚወርደው። ጥሬ እንቁላል ዳኞቹ ይሰጡናል። ሹል ጫፉ ከመኪናዋ አካል ሁሉ ቀድሞ መታየት አለበት። ማስቲሽና ፕላስተር ክልክል ነው። ራሷ ቆማ ለግድግዳው በጣም የቀረበችው ታሸንፋለች። ከመነሻው እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ከ8 እስከ 10 ሜትር ሆኖ በዕለቱ ይነገረናል። ሰዓት የሚታየው እኩል ከወጣን ብቻ ነው። ፍሬኑን በተወጠረ ላስቲክ ሠርቼው ነበር፤ በቅድመ ምርመራ አስወጡኝ። እሱም ቢሆን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ነበር የሚያቆማት። ደግሞ ወደ ግራ ትሄዳለች። ምን ላድርግ?»

ዳኞቹ ልክ ናቸው፤ አትከራከሪ። የተወጠረ ላስቲክ ኃይል አስቀምጦ ነው የሚነሳው። ደንቡ ደግሞ ኃይል ከክብደቱ ብቻ ይምጣ ብሏል። በዚያ ላይ ላስቲክ በተሳበ ቁጥር እየላላ ስለሚሄድ የዛሬው ከትናንቱ አይገጥምም። ጎማ ላይ እንዲቆነጥጥ የምታለብሺው ላስቲክ ግን ሌላ ነገር ነው። ቢሆንም ቀድመሽ አሳያቸውና እሺ ይበሉሽ።

ፍሬኑን በዳዶ ሥሪው። የኋላውን ዘንግ ከዳር እስከ ዳር ጥርስ ባለው 8 ሚሊሜትር ብረት ቀይሪው። ብሎን የሚሸጡ ሱቆች በሜትር ይሸጡታል። ከመቆረጡ በፊት አንድ ዳዶ ይግባበት። ከተቆረጠ በኋላ ዳዶውን ፈትተሽ ስታወጪው የተጎዳውን ጥርስ ያቃናዋል። ይህን ካላደረግሽ ከሊማ ጋር ስትታገይ ትውያለሽ። ዘንጉን የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች ቁጥራቸው 608 ይሁን፤ ቀዳዳቸው ልክ 8 ሚሊሜትር ነው። ውስጣቸው ያለውን ግራሶ በነጭ ጋዝ አጥበሽ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጊበት። በእናንተ የጠዋት ብርድ ግራሶ ይወፍርና መኪናዋ ጠዋት ሌላ፣ ቀትር ላይ ሌላ ትሆንብሻለች።

አሁን ዘንጉ ላይ በእጅ የሚጠብቀውን ባለ ክንፍ ዳዶ አስገቢ። አንዱ ክንፉ ከመኪናዋ ወለል ሥር በተዘረጋ ቀጭን ብረት ላይ ይደገፍ። ዘንጉ ሲዞር ዳዶው አብሮ መዞር ስለማይችል ወደ ጎን ይጓዛል። በመንገዱ መጨረሻ ላይ ሁለት ተራ ዳዶዎችን እርስ በርስ አጥብቀሽ ቆልፊያቸው፤ ፊታቸው ላይ ሮንዴላ ይኑር። ባለ ክንፉ እዚያ ሲደርስ ዘንጉ ቀጥ ይላል። ምንም የተወጠረ ነገር የለበትም፤ ዳኛም የሚለው አይኖረውም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ግን ከዘንጉ ጋር ጥብቅ ማለት አለባቸው። በግራና በቀኝ በዳዶ እሰሪያቸው፤ ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ክብ በመሃል ይግባ። ጎማው ላላ ካለ ዘንጉ ይቆማል፣ መኪናዋ ግን ጉዞዋን ትቀጥላለች።

ዳዶው በአንድ ዙር 1.25 ሚሊሜትር ይጓዛል። ከሲዲ የተሠራ ጎማ ስፋቱ 12 ሳንቲም ስለሆነ በአንድ ዙር 37.7 ሳንቲም ይሄዳል። ላስቲክ ካለበስሽው ትንሽ ይጨምራል። ስለዚህ በወረቀት አታስይው። መኪናዋን 10 ዙር ገፍተሽ በሜትር ለኪና ለ10 አካፍይው። 3 ሜትር ከ82 ቢወጣ አንዱ ዙር 38.2 ሳንቲም ነው ማለት ነው። ጎማው ላይ እንደ ሰዓት 12 ምልክት አድርጊ፤ ከምልክት እስከ ምልክት 3 ሳንቲም ገደማ ይሆናል።

ዋናው ጣጣ ግን ወዲህ ነው። ጎማው ቆመ ማለት መኪናዋ ቆመች ማለት አይደለም፤ ትንሸራተታለች። የምትንሸራተተው ርዝመት በፍጥነቷ ካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነቷ በግማሽ ሲቀንስ መንሸራተቷ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 60 ሳንቲም የነበረው 15 ይሆናል። ሰዓት ካልተቆጠረብሽ ምን ያስቸኩልሻል? ደንቡ እስከ 2 ኪሎ ፈቀደ ማለት 2 ኪሎ ጫኚ ማለት አይደለም። በ1 ኪሎ ጀምሪ። 10 ሜትር ከደረሰች በቂ ነው፤ ካልደረሰች ትንሽ ትንሽ አሸዋ ጨምሪ።

ክብደቱ የኋላውን ዘንግ የሚያዞርበትን ክር ባዶ ጥርስ ላይ አትጠምጥሚው፤ ይበጥሰዋል። ዘንጉን በፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ አልብሰሽ ውፍረቱን 12 ሚሊሜትር አድርሺው። ያኔ ጎማው የዘንጉን 10 እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ 50 ሳንቲም ሲወርድ መኪናዋ 5 ሜትር ትጎተታለች፣ የቀረውን በራሷ ትንሳፈፋለች። የክሩ ጫፍ በቋጠሮ አይታሰር፤ ትንሽ ምስማር ላይ ተሰክቶ ሲያልቅ ይውደቅ። ከታሰረ ወደ ኋላ ተጠምጥሞ ክብደቱን መልሶ ያነሳዋል፣ መኪናሽንም መንገድ ላይ ያስቀራታል። ከክብደቱ ማረፊያ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አድርጊ።

በዕለቱ 9 ሜትር ከ24 አሉሽ እንበል። 4 ሳንቲም ለጥንቃቄ፣ 16 ሳንቲም ለመንሸራተት ቀንሺ፤ 9 ሜትር ከ4 ይቀርሻል። ለ38.2 ሲካፈል 23 ዙር ከ8 ምልክት ነው። ባለ ክንፉን ዳዶ ከመቆለፊያው አስነክተሽ ጎማውን ይህን ያህል ወደ ኋላ አዙሪ። በቃ፣ ልቀቂያት። የመንሸራተቱን ልክ የምታገኚው ግን በሙከራ ብቻ ነው፤ ሲሆን ውድድሩ በሚደረግበት ወለል ላይ። የሲሚንቶ ወለል አቧራ ካለው ልኩ ይለወጣል። ሁልጊዜ ጥረጊ፣ ጎማውንም በእርጥብ ጨርቅ አብሺ።

ወደ ግራ መሄዷ ከፊተኛው ዘንግ ነው። ዘንጉ 15 ሳንቲም፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 40 ሳንቲም ቢሆን፣ አንዱ ጫፍ በግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ወደ ኋላ ቢቀር 9 ሜትር ላይ 34 ሳንቲም ወደ ጎን ይወስዳታል። ይህን በዓይን አታገኚውም፤ በስኳድራም ያስቸግራል። የግራውን ጫፍ የሚይዘውን ቀዳዳ በሊማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሞላላ አድርጊውና ዘንጉን በዳዶ አጥብቂ። ወደ ግራ ከሄደች የግራውን ጫፍ ቅንጣት ወደ ፊት ግፊው። ቀጥ ስትል እንዳይነቃነቅ ቆልፊው።

እንቁላሉ ከሁሉም ይቀላል። በርዝመቱ ወደ ፊት ተጋድሞ የኋላው ሰፊ ጫፍ ለስላሳ ነገር ላይ ይደገፍ። መንዝ ሆነሽ ስፖንጅ አትግዢ፣ የአሮጌ ባና (የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ) ቁራጭ ይበልጣል። ከጎንና ከላይ በጨርቅ ማሰሪያ ያዢው። ዳኞቹ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ እንቁላል የሚሰጧችሁ ጠይቂ፤ የሐበሻው ስለሚያንስ በፈረንጅ ልክ የተሠራ መያዣ ውስጥ ይንከላወሳል። መያዣሽ ለሁለቱም የሚጠብና የሚሰፋ ይሁን። ስትሞክሪ በጥሬ እንቁላል ሞክሪ፤ የተቀቀለ ውስጡ አይንቀሳቀስም፣ ሲሰነጠቅም ላታዪው ትችያለሽ። ወለሉ እንዳይበላሽ በስስ ፌስታል ጠቅልይው። ጾም ከሆነ ደግሞ ዋጋው ረከስ ይልልሻል።