ጋዝ ከመጨመራችሁ በፊት ውሃውን ለኩት

ጋምቤላ ከሚሠራ አንድ ወጣት ቴክኒሻን የደረሰኝ ጥያቄ አጭር ነው፦ «ጋሼ፣ ኤሲው ክፍሉን ያቀዘቅዛል፤ ሰዎቹ ግን አንሶላው እርጥብ እርጥብ ይላል፣ ግድግዳውም ሻግቷል ይላሉ። ጋዝ ልጨምርለት?»

አትጨምር ልጄ። በዚህ ጥያቄ የተነሳ ስንት ደህና ኮምፕረሰር (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ለቁራሌው እንደተሸጠ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ስለዚህ መልሱን ለአንተ ብቻ ሳይሆን ወበቃማ አገር ለምትሠሩት ሁሉ ልጻፈው፤ ጋምቤላም ሁኑ፣ ጅቡቲም ሁኑ፣ ጅዳም ሁኑ።

ባሮ ወንዝ ዳር ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ኤሲ ሁለት ሥራ አለበት። አየሩን ያቀዘቅዛል፣ ከአየሩ ውስጥም ውሃ ያወጣል። 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) የሚባለው ኤሲ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት የሚሆን ሙቀት የማውጣት አቅም አለው። በሰዓት አንድ ሊትር ውሃ ሲያወጣ ከዚህ አቅም 0.7 ኪሎ ዋት ያህሉ ለውሃው ብቻ ይሄዳል። ሁለት ሊትር ካወጣ 40 በመቶው አቅም አለቀ ማለት ነው። ደረቅ አገር ላይ የሚገባውና የሚወጣው አየር ልዩነት 11 ወይም 12 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥብ አገር ላይ ያው ደህና ማሽን 8 ዲግሪ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። 8 ዲግሪ ሲያዩ «ጋዝ አንሶታል» ይላሉ።

በደንብ የማውቀውን የአንድ ቤት ጉዳይ ልንገራችሁ። መኝታ ቤቱ 3.5 በ4 ሜትር፣ ማለትም 14 ካሬ ነው። ለእንዲህ ያለ ክፍል 9,000 ቢቲዩ ይበቃል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒሱ ስስ ከሆነ 12,000። የተሰቀለው ግን 24,000 ቢቲዩ ነበር፤ ያውም ኢንቨርተር ያልሆነ፣ ማለትም ፍጥነቱን መቀነስ የማይችል፣ ወይ በሙሉ ኃይል የሚሠራ ወይ የሚቆም። ባለቤቶቹ «ትልቅ ከሆነ አይቸግረንም» ብለው ነው የገዙት። ማሽኑ ሲነሳ ክፍሉን በአምስት ደቂቃ ያቀዘቅዝና ኮምፕረሰሩ ይቆማል። ኢቫፖሬተሩ (ክፍል ውስጥ ያለው የሚቀዘቅዘው ጥቅል) ላይ የተያዘው ውሃ ተጠራቅሞ ወደ ድሬኑ፣ ማለትም ወደ ውሃ መውረጃው ቱቦ፣ ለመውረድ ጊዜ አያገኝም። በዚያ ላይ ሪሞቱ ላይ ፋኑ «ሃይ» ተደርጓል፤ ኮምፕረሰሩ ቆሞ ፋኑ ስለሚነፍስ፣ የተያዘው ውሃ ተመልሶ ተንኖ ክፍሉን ይሞላዋል። ሰዎቹ 22 ዲግሪ ላይ ተኝተው ላባቸው አይደርቅም። ሲወብቃቸው ሪሞቱን ወደ 18 ያወርዱታል። ያኔ ግድግዳው ራሱ ይቀዘቅዝና ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ያልበዋል፤ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ ይወጣል።

መጀመሪያ የተጠራው ልጅ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) ሰቀለ፣ የሚወጣው አየር ላይ እጁን ዘረጋ፣ «ብዙም አይቀዘቅዝም» ብሎ አር-410ኤ የተባለውን ጋዝ ጨመረ። ሚዛን አልያዘም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው ሌላ ቴክኒሻንም ጨመረ። ጋዝ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ ብዬ አልፈው ነበር፤ ግን የማያውቅ ስለማይጠፋ ልናገረው። ኮንደንሰሩ (ውጪ ያለው ሙቀት አውጪ ጥቅል) በፈሳሽ ይሞላል፣ የከፍተኛው ወገን ግፊት ይወጣል፣ አምፒሩ (የሚስበው ከረንት) ይጨምራል፣ ያልተነነ ፈሳሽ ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለስና ዘይቱን ያጥበዋል። ይኸኛውም ለአንድ ወር ያህል ሲንኳኳ ከረመ። ሦስተኛው ሰው ካፓሲተሩን (ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳውን) ቀየረለት። ካፓሲተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ጥቅምት ሳይገባ ኮምፕረሰሩ ተቃጠለ።

ከሦስቱ አንዳቸውም የድሬኑን ጫፍ አላዩትም። ቱቦው ሲነቀል ጫፉ ላይ የጣት እርዝመት ያለው ደረቅ ጭቃ ተወትፎበት ነበር፤ ተርብ ቤት ሠርታበት፣ እጭዋ ከነነፍሱ ውስጡ ነው። ከጭቃው ጀርባ ዝልግልግ ያለ ጥቁር አተላ፣ ከዚያ ሳይወርድ የቀረው ውሃ። ትሪው ሞልቶ በግድግዳው ውስጥ ውስጡን ሲፈስ ነው የከረመው። ጭቃውን ለማውጣት አንድ የሽቦ ቁራጭ ይበቃ ነበር።

መፍትሔው ማሽኖቹን ማቀያየር ሆነ። ሳሎኑ ሰፊ ሆኖ ሳለ 12,000 ነበር የተገጠመለት፤ እሱ ወደ መኝታ ቤት ገባ፣ ትልቁ ማሽን ኮምፕረሰሩ ተቀይሮለት ሳሎን ተሰቀለ። የመዳብ ቱቦው ውፍረት ስለሚለያይ ለሁለቱም አዲስ ቱቦ ተዘረጋ። ለኪስ ቀላል አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄህ ላይ ልመለስ። ነገ ስትሄድ መጀመሪያ ጆግ ያዝ። ኤሲውን 24 ዲግሪ ላይ፣ ፋኑን «አውቶ» ላይ አድርገህ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ ከዚያ የድሬኑን ውሃ ለ15 ደቂቃ ተቀበል። በክረምት ወበቅ ባለ 12,000 ቢቲዩ ማሽን ሩብ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሰጠህ በሰዓት አንድ ሊትር ነው፤ ማሽኑ እየሠራ ነው፣ ጋዙን አትንካ። ምንም ካልወረደ ወይ ድሬኑ ተደፍኗል ወይ ኢቫፖሬተሩ አልቀዘቀዘም። ኮምፕረሰሩ ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ደቂቃ እንደሚያርፍም በሰዓት ያዝ። ኢንቨርተር ያልሆነ ማሽን አምስት አምስት ደቂቃ ብቻ እየሠራ ከቆመ ለክፍሉ በዝቷል። ሊቀየር ካልተቻለ ሪሞቱ ላይ የውሃ ጠብታ ምልክት ያለውን «ድራይ» አስለምዳቸው። መስኮትና የበሩን ሥርም እይ፤ ዝናብ ሲያባራ መስኮት የሚከፈትበት ቤት እርጥበቱ አያልቅም።

ድሬኑ በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ቁልቁል ይውረድ፤ መሃል ላይ ሆድ ከሠራ አተላ እዚያ ይተኛል። ጫፉን ባልዲ ውሃ ውስጥ አትንከሩት፣ አየር ይታፈንና ውሃው ወደ ቤት ይመለሳል። ተርብ እንዳይገባ ጫፉ ላይ ወንፊት ሽቦ እሰሩበት፤ ሽቦውን ግን በየወሩ አጽዱት፣ አለዚያ ራሱ ይደፍነዋል።

ሁለቱም የመዳብ ቱቦዎች ለየብቻቸው ጎማ ስፖንጅ ይልበሱ። ወፍራሙን ብቻ አልብሰው ቀጭኑን ራቁቱን የሚተዉ አሉ። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ስፕሊት ጋዙ የሚሰፋው ውጪ ባለው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ቀጭኑም ቀዝቃዛ ነው፤ ያንጠባጥባል። ወበቅ ባለበት 19 ሚሊ ውፍረት ያለው ስፖንጅ ይሻላል፤ መጋጠሚያው በሙጫ ይጣበቅ፣ ቴፕ ብቻውን አይበቃም።

በረዶ ካያችሁ ቶሎ አትፍረዱ። የቆሸሸ ፊልተርም፣ ያነሰ ጋዝም በረዶ ያመጣል። ሙሉ ፊቱ ከጋገረ አብዛኛውን ጊዜ የአየር እጥረት ነው፤ መግቢያው አካባቢ ብቻ ከጋገረና የቀረው ደረቅ ከሆነ ጋዝ ይጠረጠራል። በረዶው ሳይቀልጥና ፊልተሩና ኢቫፖሬተሩ ሳይታጠቡ የተነበበ ጌጅ ዋጋ የለውም።

ጌጅ የተናቀ እንዳይመስላችሁ፤ ጋዝ በእውነት ሲያንስ ያለ እሱ አይሆንም። አር-410ኤ በ0 ዲግሪ ሲተን ጌጁ ላይ ግፊቱ 101 ፒኤስአይ ገደማ ነው፣ የድሮው ጋዝ አር-22 ደግሞ 58። ማሽኑ ንጹሕ ሆኖ፣ ፋኑ በደንብ እየነፈሰ ንባቡ ከዚያ በታች ከወረደ ፍሳሽ ፈልጉ። ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም፤ ካነሰ የሆነ ቦታ ወጥቷል። አብዛኛውን ጊዜ ፍሌሩ (ሰፍቶ በዳዶ የሚታሰረው የመዳብ ቱቦ ጫፍ) ላይ ነው። ዳዶውን በጉልበት ከማጥበቅ ቆርጣችሁ እንደገና ፍሌር አውጡለት፣ ጀርባውን ዘይት ነካ አድርጉና በቶርክ ቁልፍ እሰሩት፤ የሩብ ኢንች ቱቦ ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ በናይትሮጅን፣ ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ግፊት ሳታልፉ፣ በሳሙና ውሃ ፈትኑ። በኦክስጅን የሚፈትኑ አሉ፤ ኦክስጅን ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል።

የዛሬ ልጆች ከቱቦው ውስጥ አየርና እርጥበት የሚመጠውን ቫኪዩም ፓምፕ መሸከም ይከብዳቸዋል። ቪዲዮ ላይ ባዩት መንገድ በጋዝ ገፋ አድርገው «አየሩ ወጣ» ይላሉ። የአር-410ኤና የሌላው ጋዝ የአር-32 ዘይት እርጥበት ይጠጣል፣ የተጠጣው ውሃ አሲድ ይሆንና የኮምፕረሰሩን ሽቦ ይበላል። የእኛ አየር ደግሞ በውሃ የተሞላ ነው። በፓምፑ እስከ 500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ ነው) አውርዱ፣ ቫልቩን ዝጉና 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ቁጥሩ ከወጣ ወይ ፍሳሽ ወይ ውሃ አለ። ከዚያ ጋዙን ማሽኑ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ በሚዛን ሙሉ። አር-410ኤ ድብልቅ ስለሆነ በፈሳሽነቱ ይገባል፤ ሲሊንደሩ ላይ ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ አድርጉት። አር-32 ይቀጣጠላል፣ ሲጋራና ብየዳ ከአጠገቡ ይራቅ።

ይህን ስል ወጣቶቹን መንቀፌ ብቻ አይደለም። የኢንቨርተር ቦርድና የስህተት ኮድ ላይ ከእኛ ዘመን ሰዎች እጅግ ትበልጣላችሁ፤ ያንን ጥንቃቄ ለሚዛንና ለፓምፑም ስጡት። አር-22ን ተማምኖ የሚሠራ ካለ ደግሞ ይዘጋጅ። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንደኛ ያሉ አገሮች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዚህ ጋዝ አብዛኛውን ይተዋሉ፤ አሮጌ ማሽን ያለውን ደንበኛ ከአሁኑ ንገሩት።

መብራት በሚዋዥቅበት ከተማ ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ አስተካካይ) ሳይኖር ኮምፕረሰር አትግጠሙ፤ ስታቢላይዘሩም መብራት ሲመለስ ቢያንስ 3 ደቂቃ የሚያዘገይ ይሁን። ሁለቱ ወገን ግፊቶች ሳይስተካከሉ የሚነሳ ኮምፕረሰር ይታነቅና አምፒሩ ይወጣል። እያጉረመረመ የማይነሳ ከሆነ ካፓሲተሩን በሬዚስተር አራግፋችሁ በሜትር ለኩት፤ ላዩ ላይ ከተጻፈው ማይክሮፋራድ ከ6 በመቶ በላይ ከወረደ ቀይሩት። ልክ ከሆነ ደግሞ መልሳችሁ ግጠሙትና ኮምፕረሰሩ ሊነሳ ሲታገል ቮልቴጁ ስንት እንደሚወርድ እዩ።