መልስ፦ ማውስን የፈጠረው አፕል ነው?
የኮምፒውተር ማውስን የፈጠረው አፕል ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም ወንድሜ። አፕል የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ በ1983 ከሊዛ ኮምፒውተር ጋር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ሐሳቡ የዳግላስ ኤንግልባርት ነው፤ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ይሠራ ነበር። በ1964 የመጀመሪያውን በእጁ የሠራው ግን ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ነው። እሱን ሰው ይረሳዋል፣ ያናድደኛል።

ነገርየው የእንጨት ሳጥን ነበር። ከላይ አንድ ቁልፍ፣ ከሥር ሁለት ትናንሽ ጎማዎች። አንዱ ጎማ የግራና ቀኙን፣ ሌላው የፊትና ኋላውን እንቅስቃሴ ይለካል። ማውስ በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት ነው፤ ስሙም ጭራ ከመሰለው ሽቦው የመጣ ነው። በታኅሣሥ 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ አሳዩት። ከሥሩ ኳስ ያለውን በዚያው ዓመት ያወጣው የጀርመኑ ኩባንያ ቴሌፉንከን ነው። ኤንግልባርት ከፈጠራው ሮያሊቲ (ለፈጣሪ የሚከፈል ድርሻ) የሚባል ነገር አልደረሰውም።