ሐምሌ ላይ ሁሉም ተካይ ነው

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በችግኝ ጣቢያ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደሴ ውስጥ ቡና በጠጣሁበት ሁሉ ወጣቶች «አባባ፣ ዘንድሮ ምን እንትከል?» ይሉኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። መልሴ ግን ያበሳጫቸዋል። «አምና የተከላችሁት የት ደረሰ?» እላቸዋለሁ።

ሐምሌ ላይ ሁሉም ተካይ ነው። ዝናብ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ቆሎም አይጠፋም። ጥር ላይ ጄሪካን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ግን አላይም።

ይህን የምለው አይቼ ነው። በ1970ዎቹ የወሎ ተራሮች ላይ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ። ገበሬው ይሠራ የነበረው በስንዴና በዘይት ክፍያ ነው። ስንት ላብ ፈሰሰበት! 1983 ላይ መንግሥት ሲለወጥ በየተራራው የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። ከቆረጡት መካከል የተከሉትም ነበሩበት። ለዓመታት ተናድጄባቸው ኖሬያለሁ። በኋላ ነው የገባኝ። ለእነሱ ያ ዛፍ የመንግሥት ነበር። መንግሥት ሲሄድ ዛፉ ባለቤት አጣ።

ስለዚህ የሐምሌውን የተከላ ዘመቻ ሂዱበት፣ አልከለክልም። ግን በራሳችሁ ይዞታ ላይ፣ በገዛ እጃችሁ፣ ስሙን ጠርታችሁ የምታሳዩት ዛፍ ይኑራችሁ። «መሬቱ እንደሆነ የመንግሥትና የሕዝብ ነው» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። ልክ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን በጉልበታችሁ ወይም በገንዘባችሁ መሬቱ ላይ ያደረጋችሁት ቋሚ ማሻሻያ የእናንተ ነው። ትሸጡታላችሁ፣ ታወርሱታላችሁ።

ባህር ዛፍን አልሳደብም። የደሴ ስንቱ ቤት የቆመው በእሱ አጣና ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ልጅ ያስተምራል። ብቻ ከምንጭና ከእርሻ አርቁት። ከጎኑ ደግሞ እናንተ የማትቆርጡትን ጥቂት ትከሉ። ደሴ ላይ ብርዱን የሚችሉት ጽድና ወይራ ናቸው። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ዋንዛ ሞክሩ። ጽድና ወይራ ሲያረጁ ምን እንደሚመስሉ ማየት የፈለገ ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የየጎፍ ደን ወጥቶ ይይ።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። ወጣት ባለሙያ ሳለሁ ገራዶ፣ በአባቴ ማሳ ዳር፣ 30 ጽድ ተከልኩ። ቸኩያለሁ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው። ችግኙ ያደገበትን ላስቲክ ሳልቀድ ከነላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት። አንድ ዓመት ለመለሙ፣ ከዚያ ቢጫ ሆኑ፣ ማደግ አቆሙ። በሦስተኛው ዓመት አንዱን ብነቅለው ሥሩ እንደ ጥቅል ሽቦ ተጠማዞ፣ የላስቲኩን ቅርጽ ይዞ ወጣ። ለሰው የማስተምረው እኔ ነኝ እኮ! አባቴ አንድም ቃል አልተናገረኝ። ላስቲኩን ከሥሩ ላይ ገፎ፣ አጥቦ፣ እኔ በማልፍበት አጥር ላይ ሰቀለው። በሚቀጥለው ክረምት ራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ሌላ ተከለ።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ። የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ አድርጉ፤ ስትተክሉ ሥሩ ላይ የሚመለሰው የላዩ ነው። ዝናቡ አፈሩን እስኪያጠግበው ጠብቁ። ላስቲኩን በምላጭ ቅደዱ። ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ሳትሳሱ ቁረጡት። ያን ቀን ማታ በእሾህ እጠሩት፤ ፍየል ነገ እስክትመለሱ አይጠብቃችሁም። መስከረም ላይ አርማችሁ ግርጌውን በደረቅ ሣር ሸፍኑት፣ እርጥበት ይይዝለታል። የመጀመሪያውን በጋ ደግሞ ውሃ አትንፈጉት። ቢያንስ ሁለት በጋ ካላለፈ ተክያለሁ አትበሉ።

አባቴ መልሶ ከተከላቸው ጽዶች ሰባቱ ዛሬም ቆመዋል። አምና አንድ ነጋዴ ለምሰሶ ሊገዛ መጣና ግንዱን መታ መታ አድርጎ «የማን ነው?» አለኝ።

«የአባቴ» አልኩት።

«እሳቸውን የት ላግኛቸው?»

አባቴ ካረፈ 24 ዓመቱ ነው።