መልስ፦ ዲኤክሷ (ቶዮታ ኮሮላ) ስትሞቅ የዘይት መብራት ይበራል፣ ሞተሩም ያንኳኳል

ወንድሜ፣ ከፍጥነት መንገዱ ወጥተህ አዳማ ከተማ ውስጥ ስትቆም መብራቱ ብልጭ የሚል፣ ነዳጅ ስትሰጣት የሚጠፋ ከሆነ የዘይት ፖምፓ ለመግዛት አትቸኩል። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን አውጥተህ መጠኑን እይ፤ አሽትተውም። ቤንዚን ቤንዚን ካለህ የነዳጅ ፖምፓው ዲያፍራም (ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን) ተቀዶ ዘይቱን እያቀጠነው ይሆናል።

ከዚያ የመብራቱን ሴንሰር አስፈትተህ በቦታው የግፊት ጌጅ አስገጥም። ጥርሱ 1/8 ቢኤስፒቲ (የእንግሊዝ የቧንቧ ጥርስ ልክ) ነው፤ የአሜሪካው ኤንፒቲ የሚገባ ይመስላል እንጂ ጥርሱን ይበላዋል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ለካ፣ የቀዝቃዛው ንባብ ያታልላል። የዲኤክስ ዘመን ቶዮታ ባብዛኛው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጣት) ቢያንስ 4.3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ከ36 እስከ 71 ይሰጣል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሴንሰሩን ቀይር፣ አለቀ። ሁለቱም ከወረዱ የፖምፓው ወንፊት ተደፍኗል ወይ የግፊት መልቀቂያው ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቷል። በሚኒሞ ብቻ ከወረደና ዘይቱ ካልቀጠነ ብሮንዚናውን (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርበትን ስስ የብረት ሽፋን) ጠርጥር።

ከላይ የሚሰማ ቀጭን ቲክ ቲክ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ክፍተት ነው። ከታች ወፍራም ኳ ኳ ካለ ግን በሚኒሞ እየሠራች እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ የካንዴላ ገመዶቹን በየተራ ንቀል። አንዱ ሲነቀል ድምፁ ከቀነሰ የዚያ ሲሊንደር የቤላ (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚና አልቋል። በወረደው ዘይት ውስጥ ማግኔት የማይስበው የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካየህ መኪናዋን አታስነሳ፣ አስጎትታት። ወፍራም ዘይት ጨምርባት የሚሉህ ድምፁን ነው የሚደብቁልህ፤ ኮሎው (ዋናው ዘንግ) ከተጫረ ተሞርዶ በልኩ ወፈር ያለ ብሮንዚና ይገባለታል።