ከመቁጠራችሁ በፊት አወዛውዙ

ልጆቼ፣ ሰበታም ሆነ ሱሉልታ ባለ ቤተ ሙከራ ለንቅለ ተከላ ምርምር የአይጥ መቅኔ የምትቆጥሩ፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ማይክሮስኮፑ ጋ ሳይደርስ ነው።

ከአንድ አይጥ ሁለት የጭን አጥንትና ሁለት ቅልጥም አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሚሊዮን ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሳት ይገኛሉ። ጫፍና ጫፉን ቆርጣችሁ በቀጭን መርፌ ቀዝቃዛ ፈሳሽ እየገፋችሁ እጠቡት፤ አጥንቱ ነጣ ካለ ወጥቷል፣ እንደቀላ ከቀረ ግን ገና ነው። በ40 ማይክሮን ወንፊት አሳልፉት። የሞቱ ሕዋሳት የሚለቁት ዲኤንኤ እንደ ሙጫ ያጣብቃል፤ ትንሽ ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤ የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ያላቅቀዋል። በመርፌ ደጋግሞ መምጠጥና መግፋት ግን ሕዋሱን እየገደለ ሙጫውን ያበዛል።

መብራት ሄዶ ሕዋሱን አሽከርክሮ የሚያዘቅጠው ሴንትሪፉጅ መሃል ላይ ከቆመ (በከተማው ዳር አዲስ ነገር አይደለም) የላዩን ፈሳሽ እንዳትደፉት፤ ያልዘቀጠው ሕዋስ አብሮ ይሄዳል። እንደገና አሽከርክሩት።

ከመቅዳታችሁ በፊት ቱቦውን ቀስ ብላችሁ አወዛውዙ፤ ሕዋስ ይዘቅጣል። 10 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ 190 ማይክሮ ሊትር 3 በመቶ አሴቲክ አሲድ ላይ ጨምሩ። አሲዱ ቀዩን ሕዋስ አፍርሶ ኒውክለስ ያለውን ያስቀርላችኋል። ይህ ካልተደረገ ቀዩም ተቆጥሮ፣ የራሷ መቅኔ አስቀድሞ በጨረር የጠፋባት ተቀባይ አይጥ የምታገኘው መቅኔ ያንሳል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ስትሞት ጨረሩን ትወቅሳላችሁ። አሲዱ ሕያውና ሙቱን ስለማይለይ፣ ለዚያ ሌላ ናሙና የሞተውን ሕዋስ ብቻ ሰማያዊ በሚያደርገው ቀለም በትራይፓን ብሉ ቀላቅሉና ሳይቆይ ቁጠሩ።

የኑባወር መቁጠሪያውን (ካሬዎች የተሰመሩበትን የሕዋስ መቁጠሪያ መስታወት) በራሱ ወፍራም መሸፈኛ ክደኑት፤ ተራው ስስ መስታወት ይጎብጣል፣ ጥልቀቱም ከ0.1 ሚሊ ሜትር ይዛነፋል። ፈሳሹ ወደ ቦዩ ከፈሰሰ ጠርጋችሁ እንደገና ሙሉት። አራቱን የማዕዘን ካሬዎች ስትቆጥሩ የላይኛውንና የግራውን መስመር የነካውን ያዙ፣ የታችኛውንና የቀኙን ተዉ። ድምሩ 208 ቢሆን አማካዩ 52 ነው፤ በ20 (አሲዱ ባቀጠነው ልክ) እና በ10,000 (ከካሬው ይዘት ወደ ሚሊ ሊትር ለመቀየር) ሲባዛ በሚሊ ሊትር 10.4 ሚሊዮን። 0.2 ሚሊ ሊትር ብትወጉ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሰጣችሁ። 208 በራሱ የ7 በመቶ ያህል የዕድል ስህተት አለበት፤ የመቁጠሪያውን ሁለቱንም ጎን ቆጥራችሁ ድምሩን ወደ 400 ካደረሳችሁት 5 በመቶ ይሆናል።

መዝገባችሁ ላይ 52 ብቻ አትጻፉ። 50፣ 51፣ 53፣ 54 አማካያቸው 52 ነው፤ የ20፣ 90፣ 30፣ 68ም 52 ነው። ሁለተኛው ተጓጉሏል። ያን ቱቦ እንደገና ሳታጣሩ አይጥ እንዳትወጉበት፤ ጓሉ በጅራቷ ደም ሥር ገብቶ ሳንባዋ ላይ ይቀረቀራል።