ስለ ባሕር ጠይቁኝ ብዬ የመጣብኝ ጥያቄ

ስለ ባሕርና ውቅያኖስ የላካችሁት ጥያቄ ተከምሯል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።

ጥያቄ፦ ወንዝ ጨው የለውም። ታዲያ ባሕር ጨዋማ የሆነው ከየት አምጥቶ ነው?

መልስ፦ ወንዝማ ጨው አለው፤ ትንሽ ስለሆነ ምላስ አይለየውም እንጂ። ዝናብ ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላውና ያሟሟውን ማዕድን ወንዝ ጠርጎ ባሕር ያስገባዋል። ፀሐይ ደግሞ ውሃውን ብቻ ታተናለች፣ ጨው እዚያው ይቀራል። ይህ ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት ተደጋግሟል። ከባሕር ወለል ፍል ውሃና እሳተ ገሞራ የሚጨመርም አለ። ዛሬ አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል።

ጥያቄ፦ የትም ቦታ ያው 35 ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቀይ ባሕር ላይ ወደ 40 ይጠጋል፤ ትነቱ ከባድ ነው፣ ዝናብ ብርቅ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የለም፣ ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኘውም በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ነው። ሰሜን አውሮፓ ያለው ባልቲክ ባሕር ደግሞ ወንዝ ስለሚበዛበት ጨው አልባ ሊባል ምንም አይቀረው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጨው ቢበዛም ቢያንስም፣ በውቅያኖሱ ውስጥ ጨውን የሚሠሩት የሶዲየም፣ የክሎራይድና የማግኒዥየም ምጥጥን አይለወጥም ማለት ይቻላል። ዲትማር የተባለ ኬሚስት ቻሌንጀር ከዓለም ዙሪያ ያመጣችውን 77 ናሙና መርምሮ በ1884 ይህንን አረጋገጠ። ስለዚህ ክሎራይዱን ብቻ ለክቶ ሌላውን ማስላት ተቻለ። አሁን ውሃው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት መጠን ይለካል።

ጥያቄ፦ ቻሌንጀር ደግሞ ማን ናት?

መልስ፦ ባሕርን ለማጥናት ብላ ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን የዞረች የእንግሊዝ መርከብ ናት። ከዚያ በፊት ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለ ሳይንቲስት ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት የለም ብሎ ነበር፣ ብዙ ሰውም አምኖታል። የመርከቧ ሰዎች አሠራር እንዲህ ነው፦ ገመድ ጫፍ ላይ ቱቦና ክብደት ያስሩና ይለቁታል። ወለሉን ሲነካ ክብደቱ ተላቅቆ እዚያው ይቀራል፣ ቱቦው ጭቃ ይዞ ይወጣል። አንዱ ልኬት ብቻ ሰዓታት ይፈጃል፤ አሰልቺ ሥራ ነው፣ መርከበኞቹ ቢማረሩ አይፈረድባቸውም። መረባቸው ግን ከ5,000 ሜትር በታች ሳይቀር ሕይወት ያለው ነገር ይዞ ወጣ፣ የፎርብስም ነገር በዚያው አበቃለት። በ1875 ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ማሪያና ሰርጥ የሚባለው ጥልቅ የባሕር ወለል ስንጥቅ አካባቢ ከ8,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ለኩ። ሰው እዚያ ሰርጥ ግርጌ የደረሰው ግን ጥር 1960 ነው። ፒካርና ዋልሽ የተባሉ ሁለት ሰዎች ትሪየስት በምትባል ጠላቂ መርከብ ሆነው ወደ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረዱ። እዚያ ያለው ግፊት እኛ ላይ ካለው የአየር ግፊት ከ1,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ፀሐይ በሌለበት ምን በልተው ይኖራሉ?

መልስ፦ አብዛኞቹ ከላይ የሚዘንብ ትርፍራፊ ጠባቂ ናቸው፤ የሞተ ፕላንክተን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ሕያው ነገር)፣ የእንስሳት ኩስ፣ ምኑም ምኑም። ከዚህ የወጣ ነገር የተገኘው በ1977 ነው። ጋላፓጎስ አቅራቢያ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ አልቪን በምትባል ትንሽ ሰርጓጅ የወረዱ ተመራማሪዎች ፍል ውሃ ሲፈልጉ ዙሪያውን ከብቦ የሚኖር የእንስሳት መንደር አገኙ። ሥነ ሕይወት ያጠና ሰው አብሯቸው አልነበረም፤ ናሙና ማቆያ ቢቸግራቸው ቮድካ ውስጥ ዘፈዘፉት! እዚያ ያለው ግዙፍ ትል አፍም አንጀትም የለውም። ሰውነቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከፍል ውሃው ጋር ከሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከተባለ ጋዝ ኃይል እያወጡ ይቀልቡታል።

ጥያቄ፦ ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በሳንባ ይተነፍሳል፣ ልጁን ያጠባል።

ጥያቄ፦ ዓሣ የጨው ውሃ ይጠጣል? እኛስ ብንጠጣ?

መልስ፦ አብዛኛው የባሕር ዓሣ ይጠጣል። ከሰውነቱ ይልቅ ባሕሩ ጨዋማ ስለሆነ ውሃው እየተመጠጠ ይወጣበታል፣ መተካት አለበት። ትርፉን ጨው በስንጥባቱ (በሚተነፍስበት አካሉ) ያስወጣል፣ ሽንቱንም ይቆጥባል። እናንተ ግን እንዳትሞክሩት። ኩላሊታችን ከባሕር ውሃ የበለጠ ጨዋማ ሽንት መሥራት አይችልም። ስለዚህ ያን ጨው ለማውጣት ከጠጣነው በላይ ውሃ ይወጣል፣ ጥሙም ይብሳል።