ከፖላንድ ቤተሰብ ልትዛመዱ ነው? ጠይቁኝ

ክራኮቭ ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ የገጠር ሰዎች፣ አጥባቂ ካቶሊኮች ናቸው። በውስጥ መስመር ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እሁድ ምሳ ወላጆቹ ቤት ተጋብዣለሁ። ምን ልያዝ?

መልስ፦ አበባ ያዢ፣ ቁጥሩ ግን ጎዶሎ ይሁን። ጥንድ ከሆነ የቀብር ነው። ደፍ ላይ ቆመሽ እንዳትጨብጫቸው፣ ገፋ ብለሽ ግቢ። ጫማሽን አውልቂ። እናቱን "ፓኒ"፣ አባቱን "ፓን" በዪ፤ እንደኛ "እርስዎ" ነው። እነሱ ራሳቸው እስኪሉሽ በስም አትጥሪያቸው። የእሁድ ምሳ ብዙ ጊዜ የዶሮ ሾርባ፣ ከዚያ የአሳማ ኮቶሌት ነው። አሳማ የማትበዪ ከሆነ ልጁ ቀድሞ ይንገራቸው። ማዕድ ላይ ከተቀመጥሽ በኋላ "አልበላም" ካልሽ እናትየውን ይከፋቸዋል።

ጥያቄ፦ ሳይጋቡ አብሮ መኖርስ?

መልስ፦ ከተማ ውስጥ ወጣቱ ይኖራል። አያቱ ቤት ስንሄድ ግን ሁለት አልጋ ለየብቻ ተነጥፎ ነው የጠበቀን። ዝም ብለን ተኛን።

ጥያቄ፦ የግድ ቤተ ክርስቲያን ነው?

መልስ፦ አጥባቂ ቤተሰብ ከሆነ አዎ፣ የማዘጋጃ ቤት ፊርማ ብቻውን እንደ ጋብቻ አይቆጠርላቸውም። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ካህኑ ፊት የተፈጸመ ጋብቻ ወረቀቱ ከተሟላ በመንግሥትም ይጸናል። የቅድመ ጋብቻ ትምህርት አለ፤ ካቶሊክ ካልሆንሽ ደግሞ የጳጳስ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ቀን ሳይቆረጥ ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። አደራ።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፤ ወላጆቿ ሠርጉ ላይ ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትልቁ ነገር ከቤተ ክርስቲያን በፊት ያለው ነው። ቤት ውስጥ ሙሽሮቹ ይንበረከካሉ፤ ወላጆች ጸበል ረጭተው፣ ግንባራቸው ላይ በመስቀል ምልክት አማትበው ይመርቃሉ። ጉልበት ስመን የምንመረቀውን አስታወሰኝ። የባለቤቴ እናት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ ደግሞ ከደሴ በስልክ መረቀን። አንድም ሰው አማርኛ አያውቅም፣ ግን ሁሉም "አሜን" አለ።

አዳራሹ በር ላይ ዳቦና ጨው ይዘው ይቀበሏችኋል። ከዚያ እንግዳው "ጎሽኮ! ጎሽኮ!" ይላል፤ "መረረ" ማለት ነው፣ እንዲጣፍጥ ትሳሳማላችሁ። እኩለ ሌሊት ላይ የሙሽራዋ ቬል ይወልቃል። ድግሱ ብዙ ጊዜ በማግስቱም ይቀጥላል፤ የእኛን መልስ የሚያስታውስ ነገር አለው።

ጥያቄ፦ ጥቁር በመሆኔ ይቀበሉኛል?

መልስ፦ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ የሚከብድ ቤት አለ። የባለቤቴ አባት አንድ ዓመት ሙሉ ከሰላምታ አላለፉም። አለቀስኩ። ባለቤቴ ግን ከጎኔ አልጠፋም፤ አባቱን ያናገረው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ያንቺም እንዲያ ካላደረገ ቆም ብለሽ አስቢ።

የገና ዋዜማ ራት ላይ ላልታሰበ እንግዳ አንድ ባዶ ሳህን ይቀመጣል። ከመብላት በፊት ሁሉም "ኦፕዋቴክ" የሚባል ስስ ነጭ ቂጣ ይይዛል፤ አንዱ ከሌላው እጅ እየቆረሰ መልካም ይመኛል። ያን ዓመት እሳቸው ተነስተው ወደኔ መጡ። ከእጄ ቆረሱ። ፖላንድኛዬ ደካማ ስለነበር እንዲገባኝ ብለው አንድ አንድ ቃል፣ ቀስ እያሉ መረቁኝ።